ሪዘርቫ ገዝታችሁ ከዶሮ ወጥ ጋር እንዳትከፍቱት

ባለፈው ፋሲካ ዘመድ ቤት ኪያንቲ ክላሲኮ ሪዘርቫ የሚባል አንድ ጠርሙስ የጣሊያን ቀይ ወይን ይዤ ሄድኩ። ዶሮ ወጡ እንደቀረበ ተከፈተ። አንድ ጉርሻ፣ አንድ ጉንጭ። በርበሬው ምላሴ ላይ እሳት ሆነ፣ ወይኑ ደግሞ መራራ። አጎቴ ብርጭቆውን ገፋ አድርገው "ቢራ የለም እንዴ?" አሉ። በ30 ዩሮ ገዝቼው! እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ስትገዙ መጀመሪያ የጠርሙሱን አንገት ወይም የጀርባውን ወረቀት እዩ። ጥቁር አውራ ዶሮ ከሌለበት ኪያንቲ ክላሲኮ አይደለም። ክላሲኮው የሚመጣው በፍሎረንስና በሲየና መካከል ካሉት ኮረብታዎች ነው፤ "ኪያንቲ" ብቻ የሚለው ደግሞ ከዚያ ሰፋ ካለ አካባቢ የሚመጣ ሌላ ወይን ነው። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ሌላ ነው። (ዶሮው ከየት መጣ ካላችሁ፣ ሁለቱ ከተሞች ዶሮ ሲጮህ የሚነሱ ፈረሰኞቻቸው በሚገናኙበት ቦታ ድንበራቸውን ሊለዩ ተስማምተው ፍሎረንሶች የራሳቸውን አስርበው ቀድሞ እንዲጮህ አደረጉት ይባላል። ተረት ነው፣ ግን ደስ ይላል።)

"ሪዘርቫ" የሚለው ቃል እዚያ በሕግ የታሰረ ነው፦ ቢያንስ 24 ወር የቆየ፣ ከዚህም ውስጥ 3 ወሩን በጠርሙስ። አሜሪካ ያላችሁ ግን ልብ በሉ። የካሊፎርኒያ ጠርሙስ ላይ "ሪዘርቭ" የሚል ብታዩ የፌዴራሉ ሕግ ለቃሉ ትርጉም አልሰጠውም፤ አምራቹ ደስ ካለው ይጽፈዋል።

የኪያንቲ ክላሲኮ ቢያንስ 80 በመቶው ሳንጆቬዜ የሚባለው የወይን ዓይነት ነው። ቀሪው ካናዮሎ፣ ኮሎሪኖ፣ ወይም ሜርሎና ካበርኔ ሊሆን ይችላል። ቅልቅሉ ግን በዘር ብቻ አይደለም። ከፍ ካለው ተዳፋት የሚለቀመው ዘግይቶ ይበስላል፣ ጎምዘዝ ያለና ሽታው የጠራ ነው፤ ዝቅ ካለው የሚመጣው ቶሎ በስሎ ወፈር፣ ጣፈጥ ይላል። ብዙ አምራቾች ለየብቻ ይጠምቁና በኋላ ያዋህዷቸዋል፣ የደጋና የቆላ ማር ቀላቅሎ ጠጅ እንደሚጥል ሰው። ስለዚህ እንደ 2017 ሙቀት የበዛበት ዓመት ጠርሙስ ካጋጠማችሁ፣ እኔ ብሆን ራዳን ከመሰለ ከፍ ያለ ቦታ የመጣውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ቤት። ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፣ አተላ ካለው ወደ ታች ይዘቅጣል። ቤታችሁ የሚሞቅ ከሆነ (ቴል አቪቭ በነሐሴ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ) ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ ነው የሚሸተው።

ቡሹን ነቅሎ ዝም ብሎ ማስቀመጥ ብዙም አይጠቅምም፣ አየር የሚነካው በአንገቱ ስፋት ብቻ ነውና። ከመብላታችሁ አንድ ሰዓት በፊት ቀስ ብላችሁ ወደ ጆግ ገልብጡት፣ አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁሙ። እርጥብ ካርቶን ወይም ሻጋታ ከሸተታችሁ ቡሹ አበላሽቶታል፤ አትጠጡት፣ ለሱቁ መልሱ። በብርሌ አትቅዱት እባካችሁ። ሰፊ ብርጭቆ፣ ሲሶው ብቻ።

ምግቡ ጋ ስንመጣ፣ የሚያቃጥል ነገር የወይኑን ምሬትና የአልኮሉን ትኩሳት ያጎላዋል። ጨውና ስብ ግን ያለዝበዋል። እኔ ጋ በጣም የተሳካው የበግ ጥብስ ነው፣ በሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል፣ ቃሪያው ለብቻው። ቱስካኖችም (ኪያንቲ የሚገኝበት አካባቢ ሰዎች) ሥጋቸውን የሚጠብሱት በዚሁ ቅጠል ነው። ሚጥሚጣው ከቀለለ ክትፎ ለብለብም ይሄዳል። ዶሮ ወጡን ለጠጅ ተዉለት።

ከተረፈ ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፣ ሦስት ቀን ያህል ይቆያል። ከዚያ በኋላ የፓስታ ሱጎ ላይ አፍስሱት።