መሬትና ውሃቸውን የሚጠብቁ የሴቶች ቡድኖችን ከሩቅ ሆኖ እንዴት መደገፍ ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በ1974 ህንድ ውስጥ፣ በሂማላያ ተራሮች ሥር ወደምትገኝ ሬኒ የምትባል መንደር ዛፍ ቆራጮች መጡ። የመንደሩ ወንዶች በዕለቱ የካሳ ገንዘብ ትቀበላላችሁ ተብለው ርቀው ሄደዋል። ጋውራ ዴቪ የምትባል የመንደሩ እናት 27 ሴቶችን አስከትላ ወደ ጫካው ወጣች። ዛፎቹን አቅፈው አናስነካም አሉ። ቆራጮቹም ተመለሱ።

ዛሬም በየአህጉሩ እንዲህ ያሉ ሴቶች አሉ። አንዱ ቡድን ወንዝ ይጠብቃል፣ ሌላው ከማዕድን ቆፋሪ ጋር ይከራከራል፣ ሌላው ሴቶች በስማቸው መሬት እንዲይዙ ይታገላል። መንግሥታት ለልማት ከሚሰጡት ዓለም አቀፍ ርዳታ ውስጥ ለሴቶች መብት ድርጅቶች የሚደርሰው ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ተራ ሰው የሚያዋጣት ገንዘብ ትልቅ ቦታ አላት። እኔና ስድስት ጓደኞቼ ለዓመታት እያዋጣን ስንልክ ብዙ ተሳስተናል። ከስህተታችን የተማርነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

1. ጉዳይ ምረጡ፣ ቁጥር ቀንሱ

ውሃ ወይም ደን ወይም የመሬት መብት፣ አንዱን ያዙ። ለአሥር ቡድን አንድ ጊዜ ከመስጠት ለአንድ ቡድን ሦስት ዓመት መስጠት ይሻላል።

2. በማን በኩል እንደምትሰጡ ወስኑ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ በሴቶች ፈንድ በኩል ስጡ። እነዚህ ፈንዶች ከብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስበው ለትናንሽ ቡድኖች ያከፋፍላሉ። ማማ ካሽ እ.ኤ.አ. በ1983 አምስተርዳም ውስጥ፣ ግሎባል ፈንድ ፎር ዊመን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ ተመሠረቱ። ግሎባል ግሪንግራንትስ ፈንድ በየአካባቢው ያሉ አማካሪዎችን ይዞ ለአካባቢ ጥበቃ ይሰጣል። አርጀንት አክሽን ፈንድ አደጋ ላይ ላሉ ሴቶች በፍጥነት ይደርሳል። ወጣቶች ላይ የሚሠራው ፍሪዳ የሚባለው ፈንድ ደግሞ አመልካቾቹ ራሳቸው እርስ በርስ ድምፅ እንዲሰጡ ያደርጋል። እኔ ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ። የማንን ሥራ ማን ያውቀዋል ቢባል፣ ያው ጎን ለጎን የሚሠራው ነው።

አንዳንድ ሰው «ፈንዱ ለአስተዳደር ይቆርጣል» ብሎ ይሸሻል። እውነት ነው፣ ይቆርጣል። ግን ቡድኗን ፈልጎ ማግኘት፣ ማጣራት፣ ገንዘቡን ድንበር ማሻገር ሁሉ ሥራ ነው። በቀጥታ መላክ ስትጀምሩ ይገባችኋል።

3. በቀጥታ የምትሰጡ ከሆነ አጣሩ

የሚያምር ድረ ገጽ አይሸውዳችሁ። ብዙዎቹ ጠንካራ ቡድኖች ድረ ገጽ ቀርቶ ኢሜይል የላቸውም። ሦስት ነገር ጠይቁ። ውሳኔ የሚወስነው ማነው? ባንክ የሚፈርመው ማነው? ገንዘብ ባልነበረ ጊዜ ምን ትሠሩ ነበር? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ያሳያል፤ እውነተኛ ቡድን ገንዘብ ከመምጣቱ በፊትም ይሠራ ነበርና። ከዚያ ቡድኗን የሚያውቁ፣ ግን እርስ በርስ የማይገናኙ ሁለት ሰዎችን አነጋግሩ። ቡድኗ ሕጋዊ ምዝገባ ከሌላት የምታምነው የተመዘገበ ድርጅት ገንዘቡን ሊቀበልላት ይችላል።

4. ምን እንደሚያስፈልጋቸው ጠይቁ፣ ያሉትንም ስጡ

ከባዱ እዚህ ላይ ነው። ማንም «እኔ እጠይቃለሁ» ይላል። እኛም ጠይቀናል። ጥያቄያችን ግን «ስንት ችግኝ ትፈልጋላችሁ?» የሚል ነበር።

ያኔ የምንደግፋት ቡድን የመንደራቸውን ምንጭ ከድንጋይ ካባ ለማትረፍ የምትከራከር ነበረች። እኛ አካባቢ ጥበቃ ሲባል ዛፍ ነው የሚታየን። ለችግኝ ብቻ የሚውል ገንዘብ ላክን። ለእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ፣ በየወሩ ፎቶና ሪፖርት ጠየቅን። ገንዘብ ያዧ ማንበብና መጻፍ አትችልም። በልጆች ደብተር ላይ ልጇ ትጽፍላታለች፣ እሷ ከሥሩ በአውራ ጣቷ ትፈርማለች። እኛ ያንን ገጽ «ደረሰኝ አይደለም» ብለን መለስነው።

ትንሽ ቆይቶ ለችሎት ቀጠሮ የአውቶቡስ ጠየቁን። ችሎቱ ያለው የአንድ ቀን መንገድ ላይ ነው። «በጀቱ ውስጥ የለም፣ ከችግኙ ገንዘብ እንዳትነኩ» አልናቸው። ከአሥራ ሁለቱ ሴቶች የሄዱት ሁለት ናቸው። ቀጠሮው እነሱ በቅጡ ሳይሰሙ አለፈ፣ ካባውም ሥራውን ቀጠለ። በሚቀጥለው ወር የተላከልን ፎቶ ላይ በጥቁር ፕላስቲክ ያሉት ችግኞች ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ግማሾቹ ቅጠላቸው ተጠቅልሏል። ከፎቶው ጋር የሊቀመንበሯ የድምፅ መልእክት ነበር። አንዲት የቡድኑ አባል ተረጎመችልን።

«ልጄ፣ ምንጩ ከተወሰደ ችግኙን በምን ልናጠጣው ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ይህን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም።

ዛፍ መትከል መጥፎ ሆኖ አይደለም። ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 ኬንያ ውስጥ የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትጀምር ሥራው ችግኝ ነበር። ግን እሷ በመጀመሪያ የገጠር ሴቶችን ሰማች። ማገዶ አጣን፣ ውሃ ራቀብን አሏት። ችግኙ ለዚያ መልስ ነው። ለጸደቀ ችግኝም ለሴቶቹ ትንሽ ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር፤ በእጃቸው የሚገባ ገንዘብ። የእኛ ችግኝ ግን ማንም ላልጠየቀው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አሠራራችንን ለወጥን። ገንዘቡን ለዚህ ብቻ ብለን አናስርም። «በሚቀጥሉት ስድስት ወራት እንቅልፍ የሚነሳችሁ ምንድነው?» ብለን እንጠይቃለን። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ ለፎቶ አይመችም። የትራንስፖርት፣ የስልክ ካርድ፣ የፎቶኮፒ፣ ስብሰባ ሲኖር ልጆች የሚይዝ ሰው፣ የጠበቃ። አንዲት ቡድን የቢሮ በር ቁልፍ መቀየሪያ ጠይቃናለች። ለምን ብለን ማብራሪያ አልጠየቅንም።

ሪፖርትም ቀለለ። በሦስት ወር አንዴ የድምፅ መልእክት ይበቃናል፤ በራሳቸው ቋንቋ ይናገሩ፣ የትርጉሙን ወጪ እኛ እንችላለን። የጣት ፊርማ ያለበት ደብተር ፎቶም እንቀበላለን። ቡድን ቢያጠፋ በደረሰኝ አትይዙትም። የምትይዙት በቅርብ በመተዋወቅ ነው።

5. ላኩ

የተቀባይዋን ስም ባንክ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አስተካክሉ። አንድ ፊደል ከተሳሳተ ገንዘቡ ሳምንታት መሃል መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል። የመላኪያ ክፍያ እንዳይበላችሁ በየወሩ ከመላክ በሦስት ወር አጠራቅሙ። ያገለገለ ልብስና ዕቃ አትላኩ፤ የመጫኛው ወጪ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል።

6. ፎቶና ስም

እዚህ ላይ ማመቻመች የለም። ሳይፈቅዱ ስማቸውን፣ ፊታቸውን፣ የመንደራቸውን ስም አትለጥፉ። ሲፈቅዱም በየጊዜው መልሳችሁ ጠይቁ፤ ባለፈው ዓመት የማያሰጋ ዘንድሮ ሊያሰጋ ይችላል። በርታ ካሴሬስ በመካከለኛው አሜሪካ በሆንዱራስ፣ ሌንካ የሚባለው ነባር ሕዝብ መሪ ነበረች። በጓልካርኬ ወንዝ ላይ የሚሠራን ግድብ ተቃውማ እ.ኤ.አ. በ2015 ታዋቂውን የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማት አገኘች። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 መግቢያ ሌሊት ቤቷ ውስጥ ተገደለች። ዝና አላስጣላትም። አደጋ አለ ከተባላችሁ የመጀመሪያው ነገር መለጠፍ አይደለም። ምን እናድርግ ብላችሁ እነሱን ጠይቁ፣ ድንገተኛ ድጋፍ የሚሰጡ ፈንዶችንም አገናኟቸው።

7. የራሳችሁን ባንክ ጠይቁ

በርታ ለተቃወመችው ግድብ ገንዘብ ያበደሩት የኔዘርላንድና የፊንላንድ የልማት ባንኮችም ነበሩ። ከግድያው በኋላ ተቃውሞው ሲበረታ ክፍያ አቆሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ጨርሰው ወጡ። ያ ገንዘብ የሩቅ ሀገር ሕዝብ ገንዘብ ነበር። የጡረታ ፈንዳችሁና ባንካችሁ ምን ላይ እንደሚያበድሩ በጽሑፍ ጠይቁ። አንድ ደብዳቤ ዝም ሊባል ይችላል፤ ሃምሳ ሰው ተመሳሳይ ጥያቄ ሲያነሳ ግን መልስ መጻፍ ግድ ይሆንባቸዋል። በእኔ እምነት ከገንዘብ ቀጥሎ ትልቁ ድጋፍ ይህ ነው፤ እነሱ መድረስ የማይችሉበት በር እናንተ ደጅ ነውና።

8. ስታቆሙ አስቀድማችሁ ተናገሩ

አቅም ያልቃል፣ ጓደኛም ይበተናል። ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ንገሯቸው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቡድኗን ከሌላ ለጋሽ ወይም ፈንድ ጋር አስተዋውቁ፣ የምስክርነት ደብዳቤም ጻፉላት። የመጨረሻውን ገንዘብ ከተለመደው አታሳንሱ።