ሻንሲው ታጥፏል የተባለው ሞተር ሳይክሌ
ከግጭቱ በኋላ ሞተር ሳይክሌ ወደ ግራ ይጎትት ነበር። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያየው ሁሉ «ሻንሲው (ዋናው የብረት አጽሙ) ታጥፏል፤ ባለበት ሽጠው» አለኝ። በሰው ንብረት መፍረድ ቀላል ነው!

መጀመሪያ መሪው ሻንሲው ላይ ከሚገባበት አንገት ሥር፣ ብየዳው ዙሪያ፣ ቀለሙ ተሸብሽቦ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ በባትሪ አየሁ፤ ብረት ሲታጠፍ ቀለሙ ያሳብቃል። ምንም የለም። ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ክር አስታክኬ ወደ ፊት ስወጥርም ክሮቹ ከአንገቱ እኩል ርቀው አለፉ፤ ሻንሲው አልተጣመመም ማለት ነው። የፊት ሾክ ዘንጎቹን አስፈትቼ መስታወት ላይ ሳንከባልላቸው ግን አንዱ እየተንገጫገጨ ሄደ። ከመርካቶ ጥንዱን ገዝቼ አስገጠምኩ፤ መጎተቱ ቀረ።

የታጠፈው አንገቱ ቢሆን ኖሮ አላስጠግነውም ነበር። በእሳት የተቃና ብረት አይታመንም፤ ሻንሲውን መቀየርም ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ አንገቱ ላይ ስለሚመታ ከሊብሬው ጋር ጣጣ አለው።