የእንግሊዝኛ ፈሊጦችንና ፍሬዛል ቨርቦችን ስንማር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፍሬዛል ቨርብ ማለት አንድ ግስ እንደ «ኦፍ» ወይም «ዳውን» ካለ አጭር ቃል ጋር ተጣምሮ የራሱን ትርጉም የሚይዝበት ሐረግ ነው። ከሁሉ የከፋው ስህተት፣ የሐረጉን ቃላት አንድ በአንድ ስላወቅን ብቻ ሐረጉንም ያወቅን መምሰሉ ነው። «ስልኩ ኦፍ ነው» ማለት ስለለመድን፣ «ኦፍ» ባጋጠመን ቁጥር መጥፋትና መቋረጥ ይታየናል። እኔም ቋንቋውን በመማር ላይ ሳለሁ የሥራ ቃለ መጠይቄ «ፑት ኦፍ» መደረጉን የሚገልጽ መልእክት ደርሶኝ፣ የተሰረዘ ስለመሰለኝ አዲሱን ቀን ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ። «ፑት ኦፍ» ግን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው፤ ጨርሶ መሰረዝ «ኮል ኦፍ» ይባላል። «ኦፍ» በሁለቱም ውስጥ አለ፤ ትርጉሙን የሚወስነው ግን ጥምረቱ ነው። በእርግጥ ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆን ባልተገባ ነበር፤ «ዝም አለ» ስንል ሰውየው አንዳች ነገር ተናገረ ማለታችን አይደለም፣ «ቁጭ አለ» እና «ብድግ አለ» የሚሉትንም ማንም ለሁለት ከፍሎ አይተረጉማቸውም። ስለዚህ ፍሬዛል ቨርብን ከነዓረፍተ ነገሩ፣ እንደ አንድ ግስ አድርጎ በደብተር መያዝ ይገባል።

አንዱን ትርጉም ይዞ መቅረትም ያሳስታል። «ተርን ዳውን» የሬዲዮ ድምፅ መቀነስ ነው፤ ማመልከቻን ውድቅ ማድረግም ነው።

ሌላው የአማርኛን ፈሊጥ እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ማሻገር ነው። «ልብ አድርግ» ለማለት አስቦ «ቴክ ሃርት» የሚል ሰው፣ ሰሚው የሚረዳው «አይዞህ፣ በርታ» የሚለውን ነው፤ ማስጠንቀቂያው ማጽናኛ ሆኖ ይቀራል።

የቃላት ቅደም ተከተልን ችላ ማለትም የተለመደ ነው። ስብሰባን በስሙ ስንጠራ «ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ» ወይም «ፑት ዘ ሚቲንግ ኦፍ» ማለት ይቻላል፤ በተውላጠ ስም ሲተካ ግን የግድ መሃል ገብቶ «ፑት ኢት ኦፍ» ይሆናል። «ሉክ አፍተር»፣ ማለትም መንከባከብ፣ በአንጻሩ ስለማይከፈል «ሉክ አፍተር ሂም» እንላለን።

በመጨረሻም ፈሊጡ የሚነገርበትን ቦታ አለመለየት ሰውን እስከማስቀየም ይደርሳል። «ኪክ ዘ በኬት» መሞት ማለት ቢሆንም የቀልድ አነጋገር ስለሆነ፣ አባቱ ለሞተበት የሥራ ባልደረባ በሚላክ የሐዘን መግለጫ ውስጥ ፈጽሞ ሊገባ አይገባም። እዚያ የሚስማማው፣ እኛ «ሞቱ» በማለት ፈንታ «አረፉ» እንደምንለው ሁሉ፣ «ፓስ አዌይ» ነው።