ኮሌስትሮልን በገብስ፣ በተልባና በጥራጥሬ ስለ መቀነስ

የደም ምርመራ ውጤት ሲደርስዎ ከአጠቃላዩ ኮሌስትሮል ይልቅ ኤልዲኤል (LDL) ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ይፈልጉ፤ የልብንና የአንጎልን የደም ሥሮች በዋናነት የሚያጠበው እሱ ነውና። ይህ ቁጥር ከ100 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ቢሆን ይመረጣል። 190 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም የስኳር ሕመም አለዚያም ቀደም ሲል የታወቀ የልብ ሕመም ካለ ግን ምግብ ብቻውን ስለማይበቃ ስለ መድኃኒት ሐኪምን ማነጋገር ግድ ነው። በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የሚታዩትን እንክብሎች ሆን ብዬ ወደ ኋላ አቆይቻቸዋለሁ፤ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ከባሕር ዳር ገበያ የሚሸመተው እህል ነውና።

ከሁሉ በፊት ድስት ውስጥ የሚገባውን ቅባት ይመርምሩ። ቅቤ፣ እንዲሁም በብርድ ጊዜ የሚረጋው የፓልም ዘይት፣ ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚያነሣበትን አቅም ያዳክማሉ፤ ስለዚህ በቅቤ ላይ ገብስና ተልባ መጨመር በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሣት ይሆናል። የኑግ፣ የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት በፓልም ዘይት ፋንታ ሲገባ ቁጥሩ ይወርዳል። ብዙ ሰው የጾም ወጥ ስለሆነ ብቻ ለልብ ደኅና ነው ብሎ ያምናል፤ ወጡ በሚረጋ ዘይት የተቁላላ ከሆነ ግን የጾሙ ጥቅም ከድስቱ ሳይወጣ ተሸርሽሯል።

ከእህል ሁሉ ቅድሚያ የሚገባው ገብስ ነው። ቤታ ግሉካን የተባለው በውሃ የሚሟሟ አሰሩ (ፋይበሩ) አንጀት ውስጥ ዝልግልግ እየሆነ ሐሞትን አጣብቆ ከሰገራ ጋር ያስወጣዋል፤ ጉበትም የጎደለውን ሐሞት ለመተካት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል። በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ኤልዲኤልን ከ5 እስከ 7 ከመቶ ገደማ የሚቀንስ ሲሆን፣ ይህን ያህል ለማግኘት 70 ግራም ገደማ ደረቅ ገብስ ይበቃል። ከገብስ ቅንጬ፣ ገንፎ ወይም በሶ የለመደው ይዘጋጅ። የገብስ ቤታ ግሉካን በልባሱ ብቻ ሳይሆን በፍሬው ውስጥ ሁሉ የተሰራጨ ስለሆነ የተፈተገ ገብስም ቢሆን ጥቅሙን ብዙም አያጣም። የሚጠፋው ገንፎው መሃል ላይ በሚፈሰው ቅቤ ነው፤ በእሱ ፋንታ የኑግ ዘይትና በርበሬ ይተካ፣ በሶም በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣ።

ተልባን በተመለከተ አዘገጃጀቱ ወሳኝ ነው። ሳይፈጭ የተበላ ተልባ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል፤ እጅግ ሲነፋ ደግሞ የሚዝለገለገው አሰር ያለበት ልባስ ይጣላል። ስለዚህ በለስላሳ እሳት ቆልቶ፣ ወቅጦ ወይም ፈጭቶ፣ ከነልባሱ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ይሻላል፤ በቀን 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይበቃል። የሆድ መነፋት እንዳያስቸግር በ1 ማንኪያ ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር፣ ውሃም አብዝቶ መጠጣት ያስፈልጋል። ተልባም ሆነ ሌላ የሚዝለገለግ አሰር መድኃኒት እንዳይሰርግ ስለሚያዘገይ፣ የታይሮይድም ሆነ ሌላ ኪኒን የሚወስድ ሰው በመካከል ሰዓታት ያራርቅ።

ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር በቀን አንድ ጊዜ፣ 130 ግራም ገደማ ተቀቅለው ሲበሉ ኤልዲኤልን 5 ከመቶ ያህል ይቀንሳሉ። እንጀራውን ግን አይርሱ፤ በፎገራ ሜዳ የሚመረተው ሩዝ ከጤፍ ጋር እየተቀላቀለ ስለሚጋገር፣ ነጩ ሩዝ በበዛ ቁጥር አሰሩ ይቀንሳል።

የጣና ቆሮሶና አምባዛ በሥጋ ፋንታ ሲበሉ ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ኦሜጋ 3 የተባለው ለልብ የሚበጅ ቅባት በብዛት የሚገኘው በቀዝቃዛ ባሕር ዓሣዎች ስለሆነ ከእነሱ ጋር እኩል አይታዩም። ሐይቁ ዳር በተደጋገመ ዘይት የሚጠበሰው ኮተሌት ደግሞ የዓሣውን ጥቅም ይበላዋል፤ ወጥ ይሻላል። ቡናን በሚመለከት፣ በወረቀት ሳይጣራ የሚጠጣ የተፈላ ቡና ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርግ ካፌስቶል የተባለ ንጥረ ነገር ይዟል። የዘጌ ቡና ወዳጅ ይህን ሰምቶ ጀበናውን ይሰብራል ብዬ አልጠብቅም፤ አተላው እስኪሰክን መታገሥና የስኒውን ቁጥር መቀነስ ግን ይቻላል።

ከተጨማሪ ንጥረ ምግቦች ውስጥ በማስረጃ የጸናው የዕፅዋት ስቴሮል ነው፤ በቀን 2 ግራም፣ ከምግብ ጋር ሲወሰድ ኮሌስትሮል ከአንጀት እንዳይሰርግ አግዶ ኤልዲኤልን ከ8 እስከ 10 ከመቶ ይቀንሳል። ሳይሊየም የተባለው የዘር ልባስ ዱቄትም ይረዳል፤ ገብስና ተልባ ለሚበላ ሰው ግን የግድ አይመስለኝም። የዓሣ ዘይት እንክብል የሚቀንሰው ትራይግሊሰራይድ የተባለውን ሌላ የደም ስብ እንጂ ኤልዲኤልን አይደለም። ቀይ እርሾ ሩዝ የሚባለው ሎቫስታቲን ከተባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት ጋር አንድ የሆነ ንጥረ ነገር ይዟል፤ መጠኑ ከጥቅል ጥቅል ይለያያል፣ ከሐኪም ከታዘዘ ስታቲን (የዚሁ ዓይነት የኮሌስትሮል መድኃኒት) ጋር ተደርቦ ሲወሰድም ጡንቻን ሊጎዳ ስለሚችል እኔ አልመክረውም። የነጭ ሽንኩርት እንክብል ጥቅሙ አነስተኛ ሲሆን ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው የመድማት አደጋ አለው። አብሽም የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርድበት ይችላል፤ ነፍሰ ጡርም በመድኃኒት መልክ ልትወስደው አይገባም።

አመጋገቡ ከተስተካከለ ከ2 እስከ 3 ወር በኋላ ደም እንደገና ይመርመር። ቁጥሩ ካልወረደ ሐኪሙ የሚያዘውን ስታቲን መውሰድ፣ ገብሱንም አለማቋረጥ ያስፈልጋል፤ ስታቲን እየወሰዱ የወረደ ከሆነ ደግሞ መጠኑን የሚቀንሰው ወይም የሚያቆመው ሐኪሙ ብቻ ነው።