ውሃ ሳትወቅጥ ጠፈር መዞር

ኖ ማንስ ስካይ የሚባለውን የጠፈር ጌም የጀመርኩት አራት ኪሎ እናቴ ቤት፣ ፋኑ እንደ እህል ወፍጮ በሚጮህ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ድንጋይ ስቆፍር ከረምኩ። አንድ ቀን እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ስክሪኑን አየት አደረገችና «አንተ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ጠፍቶበት ነው ዘላለም የሚቆፍረው?» አለችኝ። መርከብ ሊገዛ ነው አልኳት። «ከገዛስ በኋላ?» መልስ አጣሁ። ከገዛ በኋላማ በአዲሱ መርከብ ሌላ ፕላኔት ሄዶ ይቆፍራል። «ቁፋሮ ከሆነ ያማረህ ውጪ ውጣ፣ መንገዱን ሁሉ ቆፍረውልሃል» ብላ ወደ ድስቷ ተመለሰች።

ግራይንድ የምንለው ይሄንኑ ነው። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ።

ግማሹ ጥፋት የጌሙ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ሲወጣ 18 ኩዊንቲሊዮን ፕላኔት አለው ተባለ፤ 18 ጽፈህ ከኋላው 18 ዜሮ መደርደር ነው። ሰው ሁሉ የሆነ ትልቅ ነገር ይጠብቀኛል ብሎ ወደ ጋላክሲው መሃል ሮጠ። የጠበቀው ሌላ ጋላክሲ ነው። ከዚያ ወዲህ በነፃ አፕዴት ብዙ ነገር ተጨምሮበታል፣ ይሄን አልክድም፣ የሽልማቱ ጠባይ ግን ያው ነው፦ አብዛኛው ሽልማት የባሰ ለመቆፈር የሚረዳህ ዕቃ ነው። ሰፊ ቦርሳ፣ ፈጣን መቆፈሪያ፣ ትልቅ መጋዘን።

ግማሹ ጥፋት ደግሞ የኛ ነው፣ ምክንያቱም ለምን እንደምንሰበስብ ሳናውቅ እንሰበስባለን። እቁብ የሚጥል ሰው ሲወጣለት ምን እንደሚያደርግበት ያውቃል፤ ፍሪጅ ነው፣ ሶፋ ነው። እዚህም እንደዚያ አድርግ። «100 ሚሊዮን ዩኒት» (ዩኒት የጌሙ ገንዘብ ነው) ዓላማ አይደለም፣ 100 ሲሞላ 200 ያምርሃል። «ባሕር ሥር ቤት እሠራለሁ» ዓላማ ነው። ከዚያ የሚያስፈልግህን ብቻ ጻፍና እሱን ብቻ ፈልግ። ሌላውን፣ መንገድ ላይ የሚያብለጨልጨውን ሁሉ፣ እለፈው። መጀመሪያ ላይ እጅህን ይበላሃል፣ ትለምደዋለህ።

አሁን ወደ ሥራው። ገንዘቡ ሦስት ዓይነት ነው። ዩኒት ለመርከብና ለዕቃ፣ ናናይት ለማሻሻያ፣ ኩዊክሲልቨር ለጌጥ። ኩዊክሲልቨሩን ለጊዜው ተወው፣ የሚገዛልህ ለዓይን የሚያምር ነገር ነው።

መጀመሪያ የምታገኛትን ናናይት መርከብ ላይ አታባክናት። ስፔስ ስቴሽን ግባና ለመልቲቱልህ፣ ማለትም በእጅህ ለምትይዘው መቆፈሪያና መቃኛ መሣሪያ፣ የስካነር ማሻሻያ ግዛ። ሦስት ድረስ ይገጠማል፣ ባይሆን በርካሹ ጀምረህ ቀስ በቀስ ወደ ኤስ ክላስ፣ ወደ ምርጡ ደረጃ፣ ቀይራቸው። እንስሳ ስካን ስታደርግ ጌሙ ይከፍልሃል፤ ያለ ማሻሻያው የሚሰጥህ የታክሲ ሳንቲም ነው፣ ሦስት ጥሩ ሞጁል ከገጠምክ ግን አንዱ እንስሳ ብቻ ከመቶ ሺህ ዩኒት በላይ ያወጣል። ለውጡን ልንገርህ። በፊት አንድ ፕላኔት ላይ አርፌ መሬት መሬቱን ነበር የማየው፤ ማዕድን የት አለ እያልኩ። ስካነሩን ከገጠምኩ በኋላ ቀና አልኩ። ስድስት እግር ያለው፣ ፊቱ እንቁራሪት የመሰለ፣ አካሄዱ ቁርጥ የሰፈራችንን የቤት አከራይ የሆነ ፍጥረት ኮረብታ ላይ ሲንጎማለል አገኘሁት። እሱን ተከትዬ አንድ ሰዓት ሄድኩ። ገንዘቡም ገባ፣ እኔም ሳቅኩ። የፕላኔቱን እንስሳት ጨርሰህ ካገኘህ ደግሞ ናናይት ይጨመርልሃል። የሚበሩትን መፈለግ ትንሽ ያበሳጫል፣ ዋሻ ውስጥ ያሉት ይብሳሉ።

ፍሬይተር የምትባለውን ግዙፍ መርከብ በገንዘብ እንዳትገዛ። በተለይ የመጀመሪያዋን። ይሄን የምልህ በራሴ ደርሶ ነው። ትንሽ ከተጫወትክና ጥቂት ጊዜ ዋርፕ ካደረግክ፣ ከኮከብ ወደ ኮከብ ከዘለልክ በኋላ ወንበዴዎች አንድ ፍሬይተር ከበው ሲተኩሱባት ትደርሳለህ። እኔ ተኩሱን ሳይ ፈርጥጬ ወጣሁ። ከዚያ ለሳምንታት ክሎሪን ሸጥኩ፣ በአስር ሚሊዮኖች አጠራቀምኩ፣ ገዛሁ። በኋላ አንድ ጓደኛዬ ካዛንቺስ ማኪያቶ እየጠጣን «እንዴ! እነዚያን ወንበዴዎች ብታባርር እኮ ካፒቴኑ በነፃ ይሰጥህ ነበር» አለኝ። ማኪያቶዬ በረደ። ስለዚህ አትፍራ፣ ተዋጋ፣ ፍሬይተሯ ውስጥ ግባ፣ ካፒቴኑን አናግር።

ፍሬይተሯ ካለችህ ፍሪጌት የሚባሉ ትናንሽ መርከቦች ቀጥረህ ለሥራ ትልካለህ። እንደኛ ላለ ኑሮ የተሠራ ነገር ነው፤ ሰዓታቸው በእውነተኛው ሰዓት ስለሚቆጠር ላፕቶፑን ዘግተህ ሥራ ብትሄድም፣ መብራት ቢጠፋም፣ እነሱ መንገዳቸውን ይሄዳሉ። ጠዋት ትልካቸዋለህ፣ ማታ ያመጡትን ትረከባለህ። ነዳጃቸው ከዳይሃይድሮጅንና ከትሪቲየም ይሠራል፣ ትሪቲየሙን ጠፈር ላይ የሚንሳፈፈውን ድንጋይ በጥይት መትተህ ታገኛለህ። አዎ፣ እሱም ቁፋሮ ነው። ግን አምስት ደቂቃ ነው።

የግድ ዩኒት በብዛት ካስፈለገህ ክሎሪን አብዛ። መካከለኛ ሪፋይነር፣ ማዕድን የሚያነጥር ማሽን፣ ያስፈልግሃል፣ ተሸካሚዋ ትንሿ አንድ ነገር ብቻ ስለምትቀበል አትሆንም። 1 ክሎሪን ከ2 ኦክስጅን ጋር ስታስገባ 6 ክሎሪን ይወጣል። የወጣውን መልሰህ ታስገባለህ። እንደ እርሾ ነው። ሁሉንም አንድ ቦታ አትሽጥ፣ ዋጋው እዚያው ይወድቃል፤ በየስቴሽኑ በትኖ መሸጥ ነው። ለዓላማህ የሚበቃህን ስታገኝ ግን አቁም። እኔ እዚህ ላይ ነው የወደቅኩት።

መብራትን ካነሳን አይቀር። የኔ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ነው የሚሄደው። ጌሙ ከመርከብ በወረድክ ቁጥር ራሱ ሴቭ ያደርጋል። ስለዚህ ረጅም ሥራ ስትሠራ በየጥቂት ደቂቃው መርከቧ ውስጥ ግባና ውረድ። ሞኝነት ይመስላል። አንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ሙሉ የለፋሁበት በአንድ ብልጭታ ከጠፋ ወዲህ እንደ ጸሎት ነው የማደርገው።

አሁን ብዙ ሰው የማይወደውን ልናገር። ሴቲንግ ውስጥ ግባና የጌሙን ክብደት ቀንሰው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ዌይፖይንት የሚባለው አፕዴት ከመጣ ጀምሮ ጨዋታህን ሳታቋርጥ የዕቃ ዋጋውን፣ የነዳጅ ፍጆታውን፣ የመሥሪያ ወጪውን እንደፈለግክ ማስተካከል ትችላለህ። ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። እኔ ከሥራ ሁለት ታክሲ ቀይሬ ቤት የምገባው ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ ለጌም የሚተርፈኝ አንድ ሰዓት ብትሆን ነው። እሷን ነዳጅ በመቅዳት አላሳልፋትም። ሁሉንም ነፃ አታድርገው ግን፣ ሞክሬው በሁለት ቀን ሰለቸኝ። ነዳጁን አርክሰህ ዋጋውን እንዳለ ብትተወው ጥሩ ይመጣል።

በመጨረሻ፣ ይሄን ሁሉ ሰምተህም የጋላክሲውን መሃል ካላየሁ ካልክ፣ የምትወዳትን መርከብና መልቲቱል ይዘህ አትሂድ። ስታልፍ የለበስከው፣ የያዝከውና የምታበረው ላይ የተገጠመ ቴክኖሎጂ ይበላሻል። አንድ ርካሽ መርከብ ግዛ፣ አሮጌ መልቲቱል ያዝ፣ በሱ ግባ። ሂልበርት የሚባለው ሁለተኛው ጋላክሲ ውስጥ አንድ የማታውቀው ፕላኔት ላይ ትነቃለህ፣ መርከቢቱ አጠገብህ ተሰባብራ። ለመጠገን ምን እንደሚያስፈልግህ እማዬን ጠይቃት።