በደሴና በኮምቦልቻ ቤት ገዝቶ ወይም ሠርቶ ለማከራየት ለሚያስብ ጀማሪ

በደሴ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቤት መግዛትን ነው፤ ሐሳቡም መልካም ነው። ነገር ግን ገዝቶ መኖርና ገዝቶ ገቢ ማግኘት የተለያዩ ጉዳዮች ስለሆኑ፣ ወደዚህ ሥራ አዲስ የሚገባ ሰው «ዋጋው ገና ይጨምራል» የሚለውን የደላላ ቃል ለጊዜው ትቶ፣ ቤቱ በዓመት ምን ያህል ኪራይ እንደሚያስገባ በወረቀት ላይ ማስላት ይኖርበታል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል 4 ሚሊዮን ብር የተጠየቀበት ግቢ አራት ክፍል ሰርቪስ ኖሮት እያንዳንዱ ክፍል በወር 3,500 ብር ቢከራይ፣ በዓመት 168,000 ብር ይገኛል። ክፍሎቹ ባዶ የሚቆዩባቸው ወራት፣ የጣሪያና የመጸዳጃ ቤት ጥገና፣ የኪራይ ገቢ ግብር፣ የቤትና የቦታ ግብር ተቀንሰው 130,000 ብር ቢተርፍ፣ ከተከፈለው ገንዘብ 3 በመቶን በጥቂቱ የሚበልጥ ብቻ ይሆናል፤ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛው ወለድ ግን 7 በመቶ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት የሚገዛ ሰው ተስፋው የተጣለው በኪራዩ ላይ ሳይሆን በዋጋው መጨመር ላይ እንደሆነ ማወቅና ገንዘቡ ለዓመታት ታስሮ ቢቆይ የማይቸገር መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።

በወላጆቹ ግቢ ባዶ ቦታ ያለው ሰው ግን በ900,000 ብር ሦስት ክፍል የብሎኬት ሰርቪስ ሠርቶ በዚያው ኪራይ ቢያከራይና ከወጪ ቀሪ በዓመት 100,000 ብር ቢያገኝ፣ ገቢው ካወጣው ገንዘብ 11 በመቶ ይሆናል። በእኔ እምነት ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው መነሻ ይህ ነው። ሆኖም ግንባታው ፈቃድ ሊወጣለት ይገባል፤ ግቢው የውርስ ከሆነም ወንድምና እኅት በጽሑፍ ሳይስማሙ አንድ ብሎኬት እንኳ መቀመጥ የለበትም። «ሥራው፣ የማን ሆነና» ተብሎ በቃል የተፈቀደ ቦታ ኪራይ መግባት ሲጀምር የጠብ ምክንያት ይሆናል።

መግዛት ግድ ከሆነ ደግሞ የሚገዛው ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት መሆኑን ስለደነገገ፣ ገዢው የሚያገኘው በመሬቱ ላይ ያረፈውን ቤትና የይዞታ መብቱን ነው። ይዞታው ነባር፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተገኘ ነው ወይስ የሊዝ፣ ማለትም ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተወሰደ? የሊዝ ከሆነ ዘመኑ ምን ያህል ቀረው፣ ውዝፍ ክፍያስ አለበት? በከተማ ዳርቻ ከገበሬ በመንደር ውል የሚገዛ ቦታ ግን ካርታ የሌለው ስለሆነ፣ ርካሽ ቢመስልም በኋላ ቤቱ ሊፈርስበት ይችላል፤ ማንንም ወደዚያ እንዲገባ አልመክርም።

ከወረቀቱ እኩል መሬቱ ራሱ መመርመር አለበት። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌና ተዳፋት ላይ የተቆረቆረች፣ የመሬት መንሸራተትም ደጋግሞ የሚያጠቃት ከተማ ናት። ስለዚህ ቤት የሚታየው በጥር ሳይሆን በነሐሴ ነው። በአንድ የነሐሴ ጠዋት ያየሁት ቤት አዲስ ቀለም የተቀባና እጅግ የሚያምር ነበር፤ የጓዳው በር ግን ሲከፈት ወለሉን ይፍቅ ነበር። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ጣሪያው በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ በቀለሙ ሥር ይታያል፤ በጓሮ ያለው የድጋፍ ግንብ ወደ ቤቱ አዘንብሏል፤ ከሥሩም ውኃ ይመነጫል። በበጋ አይቼው ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር እገዛው ነበር። በኮምቦልቻ በኩል ቁልቁለቱ ያነሰ ቢሆንም፣ በቦርከና ወንዝ ዳርና በሜዳው ላይ ዋልካ አፈር ስላለ፣ በክረምት የሚያብጠውና በበጋ የሚሰነጠቀው ይህ አፈር ጥልቀት የሌለውን መሠረት ይሰብራል።

ካርታውን በሻጩ እጅ ማየት ብቻውን በቂ አይደለም። ይዞታውን ወደሚያስተዳድረው የከተማው ጽሕፈት ቤት ሄዶ ከእዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ማረጋገጥ፣ የካርታውን ስፋት ከአጥሩ ጋር ማመሳከር፣ በውክልና የሚሸጥ ከሆነም ውክልናው አለመሻሩን መጠየቅ ይገባል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የሻጩን ባለቤት ሳላነጋግር ቀብድ ከፈልሁ፤ ቤቱ የጋራ ሀብታቸው ስለነበረ እርሷ አልፈርምም አለች፤ ገንዘቤንም ለማስመለስ ስድስት ወር ፈጀብኝ። ቀብድ ተቀባዩ በራሱ ጥፋት ውሉን ባይፈጽም እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያዝዛል፤ እኔ ግን ቀብዱን የሰጠሁት ያለ ጽሑፍ ስለነበረ በዚህ መብት መጠቀም አልቻልሁም። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ፣ ሕጉ በሚጠይቀው መሠረት በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ፊት ይፈረም፤ ከክፍያው የተወሰነውም ስመ ንብረቱ እስኪዛወር ድረስ ይያዝ።

ተከራይን በተመለከተ፣ በኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ሰው ለፋብሪካ ሠራተኛ የሚሆን ክፍል ለመሥራት ያስባል። ሆኖም ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ሁለቱን ከተሞች በደረሰ ጊዜ የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ድርጅቱ ሥራ ቢያቆም ተከራዮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊወጡ ስለሚችሉ፣ ክፍሎቹን ሁሉ ለአንድ ድርጅት ሠራተኞች አያከራይም፤ መምህርም፣ ነጋዴም፣ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛም ቢቀላቀሉበት ይሻላል። ለስድስት ወር የሚበቃ የጥገናና የግብር ገንዘብም ለብቻው ይቀመጥ።

የኪራይ ውሉም በጽሑፍ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ስለዚህ የስድስት ወር ወይም የዓመት ቅድሚያ ተቀብዬ ግንባታውን እጨርሳለሁ ብሎ የሚያቅድ ሰው ዕቅዱን ከወዲሁ ያስተካክል። ተከራይ ከመግባቱ በፊትም የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ንባብ በውሉ ላይ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት።