ሜዲያን እንዴት እናንብባት?

ሜዲያ በአንድ ጥንታዊ የግሪክ ተውኔት ውስጥ ሁለት ልጆቿን በገዛ እጇ የገደለች እናት ናት። ይህን የሰማ ሰው ገና ሳያነብ ይፈርዳል። አንዱ «አውሬ» ይላታል፣ ሌላው «ባሏ የከዳት ምስኪን»። ሁለቱም ስለማይበቋት ነው እኔ እየደጋገምኩ ወደ እሷ የምመለሰው።

የግሪኩ ጸሐፊ ዩሪፒዲስ «ሜዲያ» የተባለውን ይህን ትራጀዲ (አሳዛኝ ተውኔት) አቴንስ ላይ ያቀረበው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ነው። በተውኔት ውድድሩ ሦስተኛ፣ ማለትም መጨረሻ ወጣ።

መጀመሪያ ሳታቋርጡ አንዴ አንብቡት። 1,400 መስመር ገደማ ስለሆነ በአንድ ምሽት ያልቃል። ታሪኩን ብቻ ያዙ። ሜዲያ ለባሏ ለጄሰን ብላ አባቷን ከዳች፣ ወንድሟን ገደለች፣ ጥቁር ባሕር ዳር ካለው አገሯ ከኮልኪስ ተሰደደች። እሱ ግን የግሪክ ከተማ ወደሆነችው ቆሮንቶስ ሲደርሱ የንጉሡን ልጅ አገባ።

ሁለተኛው ንባብ ላይ እርሳስ ያዙ። በየትዕይንቱ ዳር «አሁን የምታናግረው ማንን ነው?» ብላችሁ ጻፉ። ዋናው ሥራ እዚህ ጋ ነው። ያኔ ሜዲያን የሚጫወተው ጭምብል ያጠለቀ ወንድ ነበር። ፊት አይታይም፤ ያለን ቃሏ ነው።

መጀመሪያ ድምፅዋ ከቤት ውስጥ ይሰማል፤ ሞቷን እየተመኘች ትጮኻለች። ትንሽ ቆይታ ስትወጣ ግን ረጋ ብላለች። ለቆሮንቶስ ሴቶች ሰው አገር ያለች፣ እናትም ወንድምም የሌላት መሆኗን ትነግራቸዋለች። አንዴ ከመውለድ ሦስቴ ጋሻ ይዤ ብሰለፍ ይሻለኛል ትላለች። ከዚያ ንጉሥ ክሬዎን ሊያባርራት ይመጣል። ጉልበቱ ላይ ወድቃ፣ እጁን ይዛ አንድ ቀን ብቻ ትለምነዋለች። ይሰጣታል። ዘወር ሲል ወደ ሴቶቹ ዞራ፣ የማገኘው ነገር ባይኖር ይህን ሰው የማባብለው ይመስላችኋል? ትላለች።

እዚህ ቦታ ላይ ቆዩ። ልመናው የውሸት ነበር? እኔ አይመስለኝም። መባረሯ እውነት ነው፣ መሄጃም የላትም። ያንኑ እውነተኛ ጭንቀቷን መሣሪያ አደረገችው።

ቀጥሎ መሐላውን ፈልጉ። ሜዲያ አማልክቱን የምትጠራው ጄሰን የትዳር መሐላውን ስላፈረሰ ነው። እሱ ደግሞ ከአረመኔ አገር አውጥቼ ሕግና ፍትሕ ወዳለበት ግሪክ አመጣሁሽ ይላታል። ሁለቱን ንግግሮች ጎን ለጎን አንብቡ። ሕግ አስተማርኩ የሚለው፣ ቃሉን ያፈረሰው ራሱ ነው።

ከዚያ ልጆቿን ከመግደሏ በፊት ያለውን ንግግር ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ሐሳቧን በቀየረች ቁጥር ምልክት አድርጉ። ልጆቹ ፈገግ ሲሉ «ተውኩት» ትላለች። ወዲያው ትመለስበታለች። ለስላሳ ገላቸውን፣ ጣፋጭ ትንፋሻቸውን ትጠራለች። የምትሠራው ክፉ መሆኑን እንደምታውቅ፣ ንዴቷ ግን ከሐሳቧ እንደሚበረታ በራሷ አፍ ትናገራለች። «አብዳ ነው» የሚለው ንባብ እዚህ ይወድቃል።

አሁን ስለ ሜዲያ የምታስቡትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉና ከመጨረሻው ትዕይንት ጋር አስተያዩት። ሜዲያ የልጆቿን አስከሬን ይዛ፣ አያቷ የፀሐይ አምላክ በላከው ሠረገላ ከጣሪያው በላይ ትታያለች። ጄሰን ከታች ሆኖ ልጆቹን አንዴ እንዲዳስስ ይለምናታል። እምቢ ትለዋለች። የጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር ይህን እምቢታም፣ ያንን የልጆች ትንፋሽም ካልያዘ፣ ሰርዙትና እንደገና ጻፉ።